ይርገዱና የኮሶ ዋንጫ

ከጉና ተራራ ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወርድ ሰው ዛፉ እየሳሳ ሰማዩ እየሰፋ ሲሄድ ያያል። ላይ፣ ደመና ከሚያድርበት ደጋ፣ የኮሶ ዛፍ ቀይ አበባውን እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል አንጠልጥሎ ይቆማል። ታች ሜዳው ላይ ግን ሣርና ውኃ፣ ውኃና ከብት ብቻ ነው። እግዜር መድኃኒቱን ራስጌ፣ በሽታውን ግርጌ ማኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የፎገራ ሰው ከብቱን ይወዳል፤ ሥጋውንም በጥሬው ይወዳል፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ኮሶ ይታየዋል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ አንድ ጧት ከሰው ተለይቶ፣ የደረቀውን የኮሶ አበባ በውኃ በጥብጦ ይጠጣል። ያን ቀን ደጁን የሚያንኳኳ ቢኖር «ኮሶ ጠጥቷል» ይባላል። ቄስም ቢሆን ጭቃ ሹምም ቢሆን፣ ይህን የሰማ ሳይቀየም ይመለሳል።

ይርገዱ ያንን አበባ ትሸጥ ነበር። ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ወረድ ብሎ፣ ገበያው ከጨው ተራ ወደ ሸክላ ተራ ሲታጠፍ፣ አንድ የተጠቀጠቀ ጆንያና አንድ ሙቀጫ ይዛ ትቀመጣለች። እኔ ሳውቃት ጠጉሯ ገብስማ ነበር። መዳፏ ከኮሶው ብናኝ የተነሣ የዛገ ብረት ይመስላል፤ ስትስመኝ የሚጎመዝዝ ነገር አፍንጫዬን ያሳክከኛል። ቤታችን ከቤቷ አጥር ለአጥር ስለሆነ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት በመጣሁ ቁጥር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስታወራ እሰማለሁ። ይህም ከእርሷ የሰማሁት፣ የቀረውም አበልጇ አያ አንለይ የጨመረልኝ ነው።

የጉና ልጅ ናት። የሻው የሚባል የወረታ ሸማኔ አግብቷት ወደ ቆላው ወረደች። የሻው የጥለት ሰው ነበር፤ ከሐሙሲት ድረስ ኩታ ሊያሠሩ ይመጡበታል። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ወንድሟ ከጉና ትኩስ ኮሶ ላከላት፤ አበባው ቀይነቱ ገና አልለቀቀም። ይርገዱ ለገበያ አላወጣችውም፤ ለባሏ አኖረችው። ዋንጫውን ሞላች፤ ከሞላም በኋላ በላዩ ቆለለች፤ የሚወደድ ሰው የሚሰፈርለት በቁልል ነውና። የሻው ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ከመሸመኛው ጉድጓድ ተቀምጦ «ይርገዱ፣ ደመና ሆነ እንዴ?» አላት። ደጁ ላይ ግን የኅዳር ፀሐይ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ምች ነው አለ፤ ኮሶ በጠጣ ማግሥት ፀሐይ ላይ ወጥቷልና። ዳማ ከሴ አሹለት፤ ጠበል ወሰዱት፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ አስገቡት። ዓይኑ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ሌሎች ለሚሸምኑት ክር እየጠቀለለ ዓመታት ኖሮ ሞተ። ይርገዱም ለገበያተኛው ሁሉ «በጠጣችሁ ማግሥት ጥላ ፈልጉ፣ ምች እንዳይመታችሁ» እያለች ትመክር ጀመር።

ስለ ዋንጫው መናገር አለብኝ፤ ያለ እርሱ የቀረው ነገር አይገባም። በፎገራ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የኮሶ ዋንጫ አለው። ቤቱን ካቆመው በሬ ቀንድ የተሠራ ነው፤ ጠጅ አይቀዳበትም፣ ጠላ አይጠጣበትም። ልጅ ጎጆ ሲወጣ አባቱ ከእርሻው በሬዎች የአንዱን ቀንድ ያስቦረቡርለታል። ኮሶ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ያንን ዋንጫ ከጋቢው ሥር ይዞ ይመጣል፤ ሻጭዋ የተወቀጠውን ኮሶ እስከ አፉ ትሞላለታለች። «ዋንጫ አጉድላ ሰፈረች» የተባለች ሴት ሌላ ገበያ ትፈልግ። ታዲያ በገበያው ያለው ኮሶ ብዙ ጊዜ የከረመ ነው፤ በጆንያ ውስጥ ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ኮሶው በደከመ ቁጥር ሰዉ ትልቅ ቀንድ መረጠ። አባት በትንሹ የጠጣውን ልጅ በትልቁ ይጠጣል። ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ወንዝ ዳርቻውን እየበላ እንደሚሰፋ ሁሉ ዋንጫውም ዝም ብሎ አደገ።

ትእዛዙ የመጣው በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። አያልነህ የሚባል ወጣት የጤና ጥበቃ ሰው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ አንድ ሣጥን ሙሉ ጣሳ ይዞ ወረታ ወረደ። በገበያ ቀን ሣጥኑ ላይ ቆመና ተናገረ። የከረመ ኮሶ ይቃጠላል፤ የሚሸጠው የዘንድሮ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ፣ ሳይቆለል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይሸጥም። ማኅተም ያለበት ጣሳ የመሸጫ ፈቃድ ነው፤ በሌላ መስፈሪያ ሲሸጥ የተገኘ ጣሳውን ይነጠቃል፤ ጣሳ የሌለው ከገበያው ይወጣል።

ከይርገዱ አጠገብ የምትሸጠው አማከለች አፏ የማይታሰር ሴት ነበረች። «ጌታው፣» አለችው፣ «ሆዱንም እንደዚሁ በጣሳ ሰፍራችሁ ታድሉናላችሁ?»

ገበያው ሣቀ። አያልነህም ሣቀ። ሣቁ ሲበርድ «ሆዱን አይደለም እማማ፤ ዓይኑን ነው» አላት። «ትኩስ ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ የዓይንን ብርሃን ይወስዳል። ያን ዕለት አይደለም፤ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ይጨልማል። ሰዉም ምች ነው ይላል።»

አማከለች ሌላ ነገር ተናገረች፤ ሰዉም ደግሞ ሣቀ። ይርገዱ ግን ሙቀጫዋን ታራግፍ ነበርና እጇ ባለበት ቆመ። ኋላ ስትነግረኝ «የሰማሁት በጆሮዬ አይመስለኝም፤ በዚህ ነው» ብላ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ።

ያን ዕለት ከሁሉ ፊት ሄዳ ጣሳ የተቀበለች እርሷ ናት። ጆንያዋንም ጎትታ እሳቱ ላይ ገለበጠችው። አማከለች የራሷን እያቃጠለች «ዓመት ሙሉ ያሳደግሁትን» እያለች ታለቅሳለች፤ ጭሱ ገበያውን ሁሉ አስነጠሰው። ከዚያ በኋላ አዲስ ኮሶ ከጉና በአህያ ወረደ፤ ጣሳውም ሥራ ጀመረ። መንገደኛና የከተማ ሰው ብዙም አልተከራከረ። የሜዳው ባለ ከብት ግን ጣሳውን እያየ ዋንጫውን መልሶ በጋቢው ይሸፍናል፤ ሳይገዛ ይሄዳል።

በጥር አያ አንለይ መጣ።

አያ አንለይ ከርብ ወንዝ ማዶ የሚኖር፣ ከብቱ ሜዳ የሚሞላ ሰው ነው። ይርገዱ ልጁን ንግሥቲን ክርስትና ያነሣች ስለሆነች አበልጁ ናት፤ አበልጅ ደግሞ በአገራችን ቢቀልድም ቢጣላም «እርስዎ» ተባብሎ ነው።

«እንደምን ሰነበቱ አበልጄ።»

«እግዜር ይመስገን። እናኑ ደኅና ናት? ሙሽራዬስ?»

«ሙሽራዎ አማቶቿን ገና ሳታያቸው መናቅ ጀምራለች፣ ደኅና ናት። ይልቅ ይቺን ይሙሉልኝ። ሠርጉ ከአስተርዮ ማርያም ማግሥት ነው፤ ሆዴን ሳላጸዳ ዳስ ውስጥ አልቀመጥም።» ዋንጫውን አወጣ። በዚያ ሜዳ ከእርሱ የሚበልጥ ዋንጫ አልነበረም፤ የአባቱ መሪ በሬ ቀንድ ነው።

ይርገዱ ጣሳውን አነሣች።

«ይኸ ምንድር ነው?»

«መስፈሪያ ነው። ትእዛዝ ነው።»

«ይኸ የሳልሳ ጣሳ የአባቴን በሬ ሊተካ?»

«አያ አንለይ፣» አለች አማከለች ከጎን፣ «ዘንድሮ ኮሶም ግብር ከፋይ ሆኗል።»

ይርገዱ አልሣቀችም። «ኮሶው የዘንድሮ ነው አበልጄ። የከረመው ተቃጥሏል። ይኸ ጣሳ የዱሮውን ዋንጫ ያህል ይሠራል።»

«እንግዲያው ዋንጫውን ቢሞሉት የዱሮውን እጥፍ ይሠራላ።»

ቆመው ያዩ የነበሩት ሣቁ። አያ አንለይ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የልጄ የክርስትና እናት ነዎት። በሠርጌ ዋዜማ ዋንጫዬን ባዶውን መለሱት ተብሎ ይወራ?»

«ይወራ» አለች።

ቀንዱን በጋቢው ጠቅልሎ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በፊቷ ሲያልፍ በበቅሎ ላይ ነበር። ከደብረ ታቦር በኩል የሚወርዱ የደጋ ሴቶች ገበያው ሳይገቡ መንገድ ዳር የሚሸጡት ትኩስ ኮሶ ነበራቸው፤ ጣሳም አልደረሳቸው፣ ትእዛዙንም አልሰሙ። ዋንጫው ተቆልሎ በጎመን ቅጠል ተከድኗል። «ሞላ» አላት ከፍ አድርጎ እያሳየ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ልጅ ነው የኮራው። «ተነገ ወዲያ ጧት እጠጣለሁ።»

አማከለች ጎንበስ ብላ «ለዚያ ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ፤ ይቀማዋል» አለቻት።

«ዋንጫ የተቀማ ሰው ቤቱ ገብቶ ሁለት ይጠጣል» አለች ይርገዱ።

ሌሊቱን ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም። በማግሥቱ ጧት ግን ለየሻው መታሰቢያ ጧፍ ልታስገምድበት ያኖረችውን ሰም ከሣጥኗ አወጣች፤ ጣሳዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ በእግሯ ወደ ሜዳው ወረደች። በጥር የፎገራ ሜዳ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ቢነግሩትም አያምንም። በክረምት ባሕር የነበረው መሬት እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቆ ይቆያል፤ በስንጥቁ መካከል ሽምብራ ያብባል፤ ውኃ የቀረበት ሥፍራ ሁሉ ሰማይ ወድቆ የተሰበረ ይመስላል። ይርገዱ ያን ሁሉ አቋርጣ፣ ርብን ቀሚሷን ሰብስባ ተሻግራ፣ አያ አንለይ ቤት ስትደርስ፣ እርሱ ከብት ሊያጠጣ ወጥቷል። ሚስቱ እናኑ ለሠርጉ ብርበሬ ትቀነጥብ ነበር።

«እትይ፣ ምነው በእግርዎ? በቅሎ አንልክም ነበር?»

«ዋንጫው የት ነው?»

እናኑ ወደ ግድግዳው አመለከተች። ይርገዱ ኮሶውን በሰፌድ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ጣሳዋን ውኃ ሞላችና ወደ ዋንጫው አፈሰሰች፤ ውኃው የቀንዱን ወገብ እንኳ አልደረሰም። ውኃውን ደፍታ ዋንጫውን አደረቀች፤ ሰሙን በገል አቅልጣ ወደ ውስጡ አፈሰሰች፤ እስኪረጋ ጠብቃ እንደገና በውኃ ለካች። አሁንም ይቀራል። ጨመረች። እናኑ ነገሩ ሲገባት ብርበሬውን ትታ ሰሙን ራሷ ታማስል ጀመር። በመጨረሻ አንድ ጣሳ ውኃ ዋንጫውን ልክ እስከ አፉ ሞላው፤ አልፈሰሰም፣ አልጎደለም።

በዚህ መካከል አያ አንለይ በሩ ላይ ቆሟል።

«በአባቴ ዋንጫ ውስጥ ምን እያበሰሉ ነው አበልጄ?»

«ወለል እየሠራሁለት ነው።»

ገብቶ ቀንዱን ተቀበላት፤ ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን ተመለከተ። «አበላሹት» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰም ነው። እሳት ዳር ቢይዙት ወዲያው ይወጣል፤ ዋንጫዎ እንደ ነበረ ነው። እኔ ያበላሸሁት ሌላ ነው።» መደቡ ላይ ተቀመጠች። «የሻውን ያውቁታል። ምች ነው ብለን ነው የቀበርነው። ምች አልነበረም አበልጄ። ትኩስ ኮሶ፣ እኔ በእጄ የቆለልኩለት። ያ የጤና ጥበቃው ልጅ ገበያ መካከል ሲናገር አወቅሁ። እስከ ዛሬ ሰውን ሁሉ ጥላ ፈልጉ ስል ነበር።»

ደጅ ላይ ጥጆች ይጣራሉ። አያ አንለይ በመጨረሻ «የሠርግ ኩታዬን የሠራው የሻው ነው» አለ። «ጥለቱ እስካሁን አልለቀቀም።»

«አልሰማሁም እንዳይሉኝ ነው የመጣሁ። ንግሥቲ ስትሸኝ ፊቷን ማየት ይፈልጋሉ፣ አይፈልጉም?»

አውራ ጣቱን ወደ ዋንጫው አስገብቶ ሰሙን ተጫነው፤ ገና ለስላሳ ነበር። «ይኸ አሁን ሞላ ነው የሚባለው?»

«እስከ አፉ። ሲያዩትም ሙሉ፣ ሲጠጡትም ሙሉ።»

«ኮሶውስ ባይወጣ?»

በጣሳ ጠጥቶ የተሻለው የሜዳ ሰው እስከዚያ ቀን አላየችም፤ ያላት የአንድ ወጣት ቃል ብቻ ነው። «ባይወጣ፣» አለች፣ «ጣሳዬን መልሼ እኔ ከገበያው እወጣለሁ።»

በማግሥቱ ጧት አያ አንለይ ከጓሮ ለብቻው ተቀምጦ፣ በአዲሱ ወለል እስከ አፉ የተሰፈረለትን አንድ ዋንጫ ኮሶ በውኃ በጥብጦ ሙሉውን ጠጣ። ፊቱን አጨማደደ፣ አፉን ጠረገ፣ ጋቢውን ተከናነበ። እንግዳ መጣ፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ተባለ፤ ተመለሰ። ይርገዱ ከእናኑ ጋር ብርበሬ እየቀነጠበች ዓይኗን ከጓሮው በር አልነቀለችም። ፀሐይ ከአናት ስትደርስ አያ አንለይ ከአጥሩ ኋላ ብቅ አለ። ገርጥቷል፤ ነገር ግን ጦርነት ያሸነፈ ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው።

«ወጣ» አለ። «ከነራሱ።»

እናኑ የዶሮ መረቅ ልታቀርብ ተነሣች። ይርገዱ ግን ጉዳይዋን አልጨረሰችም፤ ለሠርጉ ልረዳ ብላ እዚያው ቆየች። በሦስተኛው ቀን ደጅ ተቀምጣ አያ አንለይን ሰበብ እየፈለገች ትጠይቀው ጀመር። «ያቺ ማዶ፣ ከውኃው ዳር ያለችው የማን ላም ናት?»

«የበላቸው ዳልቻ ናት።»

«ያቺስ ወዲያ?»

«ያቺ የኔው ቦራ ናት።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ ጠየቀችው። «አበልጄ፣» አላት እየሣቀ፣ «ዛሬ ከብት ሊገዙ ነው እንዴ የወረዱ?» ከዚያ ለምን እንደምትጠይቀው ገባውና ሣቁን አቆመ፤ ሳትጠይቀውም በሜዳው ላይ ያለውን ከብት አንድ በአንድ፣ በመልኩና በባለቤቱ፣ ይነግራት ጀመር። ዓይኑ ከሜዳው ጫፍ አልፎ የጣና ዳር ደንገል እስከ በቀለበት ድረስ ሄደ።

ንግሥቲ ተዳረች። አባቷም ፊቷን አየ።

አያ አንለይ የሆነውን ነገር አልደበቀም፤ የወጣለትን ኮሶ ርዝመት በየደረሰበት በክንዱ እየለካ አወራ። በቀጣዩ ገበያ የሜዳው ሰዎች ወደ ይርገዱ ጆንያ መጡ፤ ዋንጫቸው ከጋቢያቸው ሥር ነው፤ ወደ ውስጡ ሲያዩት የሰም ወለል አለው። አንዳንዱ አወፍሮ፣ አንዳንዱ አሳስቶ ስለሠራው ይርገዱ ፊታቸው በጣሳዋ ትለካለች፤ «ይኸ ጥቂት ይቀረዋል፣ ይኸ በዝቷል» ትላለች። አማከለች ኮሶውን ትታ ሰም መሸጥ ያምራት ጀመር።

አያልነህ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ይርገዱን ጭኗ ላይ ዋንጫ፣ እጇ ላይ ኮሶ ይዛ አገኛት። ፊቱ ተለወጠ።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ ከእርስዎ ይኸን አልጠበቅሁም። ጣሳውን ይመልሱልኝ።»

ይርገዱ ሳትከራከር ጣሳዋን አቀበለችው። «ከመሄድዎ በፊት ግን ውኃ ይሙሉበትና እዚህ ውስጥ ያፍስሱት» አለችው።

አያልነህ አመነታ፤ ከዚያ ከቅል ውኃ ሞልቶ አፈሰሰ። ዋንጫው እስከ አፉ ሞላ። ሌላ ዋንጫ አቀበሉት፤ ሞላ። ሦስተኛው ጥቂት ይፈስሳል፤ ይርገዱ ሳይጠይቃት «ይኸኛው ገና ነው፣ ሰሙ ይፋቅ ብዬዋለሁ» አለች። ወጣቱ ቁጭ ብሎ የሰሙን ወለል በጣቱ ነካ። የትእዛዙን ቃል ከሚያስከብሩት አለቆቹ ጋር በልቡ ሲከራከር የነበረ ይመስለኛል።

«ትእዛዙ ጣሳ ይላል» አለ በመጨረሻ።

«እኔም ጣሳ ነው ያልኩት» አለች ይርገዱ።

«እንግዲያው እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ በጣሳው ይስፈሩ፤ ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያ ከጣሳው ወደ ዋንጫው ይገልብጡ። መስፈሪያው ጣሳ ነው፤ ዋንጫው የባለቤቱ ነው።» ጣሳዋን መለሰላት። አማከለች «እኔም እንዲህ ልል ነበር» አለች፤ አያልነህም ሣቀ።

ከዚያ ወዲያ በወረታ ገበያ ኮሶ ሁለት ጊዜ ይሰፈራል፤ አንዴ ለሕግ፣ አንዴ ለቤት ክብር። ለመልመድ ጊዜ ወስዷል፤ መንገድ ዳር የሚሞሉ ነበሩ፤ አንድ ሁለቱም ተጎድተዋል ይባላል። ይርገዱ ግን አንዲት ነፍሰ ጡር በሌላ ሰው ስም ልትገዛ ስትመጣ በአረማመዷ አውቃ ስትመልሳት እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ስመጣ ይርገዱ አያ አንለይ ቤት ነበረችና ልጠይቃት ወደ ሜዳው ወረድሁ። አርጅታለች፤ ዓይኗም በዕድሜ ደክሟል፤ ሩቁን አታይም። ሁለቱ አበልጆች ደጅ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዋንጫው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አውርጄ ውስጡን አየሁት። ሰሙ ጠቁሯል፤ መካከሉ ላይ የአንድ አውራ ጣት ጠባሳ አለ። ያ ትንሽ ጎድጓዳ ምን ያህል ኮሶ ይይዝ እንደሆነ እንጃ፤ ይርገዱ ግን ሳትሞላው እንደተወችው አሰብሁና ገረመኝ። ለክብሩ ብላ ያለፈችለት ያችን ጎድጓዳ ብቻ ነው።

ፀሐይ ወደ ጣና ልትገባ ነበር። ከብቶቹ ከሩቅ፣ ከወርቃማው አቧራ ውስጥ፣ እንደ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ እየመጡ ነው።

«ያቺ ፊት ፊት የምትመጣው ማን ናት?» አለች ይርገዱ።

አያ አንለይ እጁን ከቅንድቡ በላይ አድርጎ ወደ ሜዳው ተመለከተ። «ቦራ ናት አበልጄ» አላት። «የቦራ ልጅ። ከኋላዋ ቡሬው አለ፤ ከእሱ ኋላ ሻሽማዋ፤ ጥጃዋ ወደ ግራ እየሸሸች ነው።»

ይርገዱ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቀጥሉ እንደ ማለት። እርሱም ቀጠለ።